የዓባይ ልጅ ዋና አይችልም

«ስንት ብር ያሸልማል?»

የዋና መነጽር ግንባሬ ላይ ሰክቼ ብስክሌት ስገፋ ያየኝ የሰፈር ሰው ሁሉ የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። ምንም አያሸልምም። አምስት ጓደኛሞች ባሕር ዳር ላይ ለራሳችን ያሰናዳነው አጭር ትራያትሎን ነበር። እናቴ ግን ስለ ብሩ አልጠየቀችም። «አንተ ልጅ፣ አንተን ከውሃ ጋር ምን አገናኘህ?» ነው ያለችው። ዋናው ጥያቄ የእሷ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

ትራያትሎን ዋናን፣ ብስክሌትንና ሩጫን ሳያርፉ አከታትሎ መሥራት ነው። ኦሊምፒክ የገባው በፈረንጆቹ 2000 ሲድኒ ላይ ነው። ኦሊምፒኩ ላይ 1,500 ሜትር ይዋኛል፣ 40 ኪሎ ሜትር ይጋለባል፣ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። አጭሩ፣ «ስፕሪንት» የሚሉት፣ የዚያ ግማሽ ነው፦ 750 ሜትር፣ 20 ኪሎ ሜትር፣ 5 ኪሎ ሜትር። እንደኔ ከቢሮ ወንበር ተነሥቶ ለሚመጣ ሰው ይበቃል።

ወረቀት ላይ ሲታይ ባሕር ዳር ለዚህ ስፖርት የተፈጠረች ከተማ ናት። ሜዳ ናት። ብስክሌት እዚህ ቅንጦት አይደለም፤ ተማሪውም ሠራተኛውም ይነዳዋል። ሩጫውን ተዉት፤ የሚሮጥ ሰው በአገራችን ጠፍቶ አያውቅም። ውሃ ከተባለ ደግሞ ጣና ደጃችን ነው፣ ዓባይም ከዚሁ ይነሣል።

ግን የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባል የለ? እኔ ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ነው። በልጅነቴ ስለ ውሃ የተማርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አትቅረብ። ክረምት ሲገባ ወንዝ ሞልቶ ሰው ወሰደ ሲባል እንሰማለን፣ እንገረፋለን፣ እንርቃለን። እንዴት እንደሚዋኝ ያሳየኝ ሰው አልነበረም። ዋና የጀመርኩት በ36 ዓመቴ፣ በስልክ ቪዲዮ እያየሁ ነው። ሳቁ፣ ይገባኛል።

ጣና ላይ መዋኘቱን ገና ከመነሻው ተውነው። ሐይቁ ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ አለ። ጉማሬ የውድድር ደንብ አያውቅም። ስለዚህ የአንድ ሆቴል ገንዳ ለመንን። በሜትር ስንለካው 20 ሜትር ወጣው። 750 ለመሙላት ከዳር እስከ ዳር 37 ጊዜ ተኩል ማቋረጥ ማለት ነው። ርቀቱን በዓይናችሁ ለማየት ከፈለጋችሁ አዲሱን የዓባይ ድልድይ አስቡት። 380 ሜትር ነው። እሱን በእግር ሳይሆን በውሃ ሄዶ መመለስ እንደማለት ነው።

እሑድ ቅዳሴ አለና ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተገናኘን። አራተኛው ምልልስ ላይ ትንፋሼ ከዳኝ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሩጫ ላይ የማይታወቀኝ የአየር መሳሳት ፊቴ ውሃ ውስጥ ሲገባ ታወቀኝ። ከአምስታችን ሁለቱ ጨርሶ አልዋኙም፤ የገንዳውን ጠርዝ ይዘው በእግራቸው ተራመዱ። ከዚህ ሁሉ የማልረሳው ግን የገንዳው ጠባቂ ያለኝን ነው። ዳር ቆሞ ሲከታተለን ቆየና፣ ስወጣ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ እኔም አልችልም እኮ፤ ብታሳየኝ?» አለኝ። ሰው ቢሰጥም ያወጣል የተባለው ሰው ማለት እሱ ነው።

ብስክሌቱ ቀላል ነበር። ከከተማ ርቆ መጋለብ በማይመከርበት በዚህ ጊዜ፣ አምስት ኪሎ ሜትር የሚሆን ዙር ከተማው ውስጥ መርጠን አራት ጊዜ ዞርነው። ያለፈኝን ባጃጅ ቁጥር ባልናገር ይሻላል። ከብስክሌት ወርዳችሁ ስትሮጡ ግን እግራችሁ የሌላ ሰው እግር ይመስላችኋል። የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ሮጥኩት ለማለት ይከብደኛል። በጠቅላላው 1 ሰዓት ከ57 ደቂቃ ፈጀብኝ። ከዚህ ውስጥ 24 ደቂቃው የዋና ነው፤ 100 ሜትሩ ከ3 ደቂቃ በላይ ማለት ነው።

ያኔ ዋናተኛችን ሮቤል ኪሮስ ትዝ አለኝ። በሪዮ ኦሊምፒክ፣ በፈረንጆቹ 2016፣ 100 ሜትር በነፃ ቀዘፋ 1 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ከ95 መቶኛ ገብቶ መጨረሻ ወጣ። በሰውነቱ ተሳለቅንበት፣ እኔም ሳቅሁ። አመራረጡ ላይ የተነሣው ጥያቄ ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ በዚያው ርቀት ሦስት እጥፍ ሊጠጋ የሚችል ጊዜ ከፈጀሁ በኋላ ግን ሳቄን አፍሬበታለሁ። ልጁን ከመሳቅ ይልቅ መዋኛ ገንዳችን የት አለ ብለን መጠየቅ ነበረብን።

አጭር ትራያትሎን ባሕር ዳር ላይ ይዘጋጅ የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ቱሪስት ያመጣል፣ ሐይቁን ያስተዋውቃል ይላሉ። እኔ አሁን አልደግፍም። ሯጩ ልጅ ከውሃው ካልወጣ ሩጫው ለምን ይጠቅመዋል? ብስክሌቱ አለን፣ እግሩ አለን፤ የጎደለን የመጀመሪያው 750 ሜትር ነው። እሱን ሳንሞላ ማዘጋጀት ከውጭ የመጡ ሲዋኙ ዳር ቆሞ ማጨብጨብ ነው።

ሐይቅ የሚያጸዳ በጀት ይመደብ አላልኩም። ያ ትልቅ ሥራ ነው፣ ባለሙያዎቹ ይነጋገሩበት። የእኔ ልመና ከዚያ ያነሰ ነው። የሆቴል ገንዳዎች ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ባዶ ናቸው። ውሃው ተሞልቷል፣ ክሎሪኑ ተጨምሯል፣ እንግዳው ተኝቷል። በዚያ ሰዓት፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ተማሪዎች በተማሪ ኪስ በሚቻል ዋጋ ቢገቡ ሆቴሉ ምን ይጎድልበታል? አሁን ያለው መግቢያ እንኳን ለተማሪ ለእኔም አይቀመስም።

ጠባቂው በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። እስካሁን ፊቱን ውሃ ውስጥ አስገብቶ ትንፋሹን ማስወጣት ችሏል። እግሩ ገና ይሰጥማል።