ሞግዚት ፍለጋ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ጀሞ

እናቴ አራስ ልትጠይቅ ሜሪላንድ መጥታ ስድስት ወር ስትቆይ፣ ልጅ የት አውላለሁ የሚለው ጭንቀት አልገባኝም ነበር። የቪዛዋ ጊዜ አልቆ ስትሄድ እኔና ባለቤቴ ተፋጠጥን።

ዞረን ዞረን ሲልቨር ስፕሪንግ ቤዝመንቷን ዴይኬር (የሕፃናት ማቆያ) ያደረገች አንዲት ሐበሻ ጋ ደረስን። ፈቃዷ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ለብቻዋ ከ8 ልጅ በላይ መያዝ አትችልም፤ ከእነሱም ውስጥ ከሁለት ዓመት በታች የሆኑት ከ2 መብለጥ የለባቸውም። የመረጥናት ግን ለፈቃዱ ብቻ አይደለም፤ ልጆቹን በአማርኛ ስትቆጣ ሰምተን ነው። እንግሊዝኛውንማ ትምህርት ቤት ይደርስበታል።

አልጋው ባዶ ነው። ትራስ የለ፣ ብርድ ልብስ የለ። እናቴ በቪዲዮ አይታ ጮኸች፦ «ምነው ልጁን እንደ እንጨት አጋደሙት?» ጨርቁ አፍንጫው ላይ ወጥቶ እንዳያፍነው ነው ብላት አልሰማችኝም። ማታ ማታ ሴትየዋ አንዲት ወረቀት ትሰጠኛለች፦ ስንት ሰዓት ጠጣ፣ ስንት ተኛ፣ ዳይፐሩ ስንቴ ተቀየረ። መንገድ ተዘግቶብኝ ከዘገየሁ ደግሞ በደቂቃ ታስከፍለኛለች። ሐበሻ ነን ብዬ ብለማመጥም ወይ ፍንክች!

ክረምት ላይ አዲስ አበባ ሄድኩ። ጀሞ ያለችው እህቴ የመንግሥት ሠራተኛ ናት። እኔ በአሜሪካው ፌዴራል ሕግ 12 ሳምንት ያለ ደሞዝ ሳርፍ፣ እሷ በወቅቱ በነበረው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደሞዟ አርፋለች። በዚህስ አገሬ በለጠችኝ! ያው አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ ያዘጋጁ ይል ነበር። የእሷ መሥሪያ ቤት ማቆያ ግን የተሰባበረ ወንበር ነው ያቆየው።

ስለዚህ ደላላ ተደወለ። ልጅቷ አንድ ፌስታል ይዛ መጣች። ደላላው «18 ሞልቷታል» አለ። ለእኔ ከ14 አላለፈችም። እህቴ መታወቂያ ጠየቀች፣ ተያዥ ጠየቀች፣ የተያዡን ስልክ ደውላ አረጋገጠች። ሕፃን ይዘሽ ታውቂያለሽ? ትን ቢለው ምን ታደርጊያለሽ? ያላት ሰው የለም። ተያዡ የሚያስፈልገው ወርቅ ቢጠፋ ነው እንጂ ልጁ ቢወድቅ አይደለም። ይህን ስላት እህቴ ተቆጣች፦ «አንቺ ምን አለብሽ! ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮ ካልገባሁ አንቺ ልትይዥልኝ ነው?»

እውነቷን ነው፤ የመመለሻ ትኬቴ ለሐሙስ ተቆርጧል። ቢያንስ በሚል የሲልቨር ስፕሪንጓን ወረቀት በአማርኛ ገልብጬ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩ፦ ወተት፣ እንቅልፍ፣ ዳይፐር፣ ከነሰዓቱ። ልጅቷን ጠርቼ አሳየኋት። ሕፃኑን እንዳዘለች ቀረብ ብላ ብዙ አየችው።

«እትዬ፣» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ማንበብ አልችልም።»