ዋስ የሌለው ዋስትና

ባቲ የሰኞ ገበያ ወርዶ ግመል የሚገዛ ሰው ጥርሱን ሳያይ፣ አስነስቶ ሳያራምደው ብር ከኪሱ አያወጣም። ሻጩን የማያውቀው ከሆነ ደግሞ «ዋስ ጥራ» ይለዋል። እንስሳው ነገ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ የሚጠየቅ ሰው መኖር አለበትና። በዚህ ጥንቃቄ ያደግን የወሎ ሰዎች ስልክ ስንገዛ ግን ፎቶግራፍ ብቻ አይተን ፊቱን ለማናውቀው ሻጭ ገንዘባችንን አስቀድመን እንልካለን።

ይህን የምጽፈው በእኅቴ ልጅ ላይ የደረሰው ስላንገበገበኝ ነው። ጅዳ በሰው ቤት ሠርታ የምታድረው አክስቷ ያጠራቀመችላትን ገንዘብ አዲስ አበባ አለሁ ለሚል የኢንተርኔት ነጋዴ በሞባይል አስተላለፈች። «ከአሜሪካ የገባ፣ ያልተነካ አይፎን፣ የአንድ ዓመት ዋስትና ያለው» ተብላ ነበር። ዕቃው 400 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጉዞ ደሴ መናኸሪያ ደረሰ። ካርቶኑ ሲከፈት ስልኩ ያብረቀርቃል፤ አንዲት ጭረት የለበትም። ልጅቱ ሲም ካርዷን በሁለት ጣቷ ይዛ ማስገቢያውን በአራቱም ጎን ፈለገች። አጣችው።

አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ አይፎኖች እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2022 ከወጣው አይፎን 14 ጀምሮ የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም፤ የሚሠሩት በኢሲም፣ ማለትም ካርድ ሳይገባ ስልኩ ውስጥ በተሠራ ሲም ነው። ሻጩ ይህን አልነገራትም። የባሰው ግን ስልኩ ሲበራ መጣ፤ የማናውቀውን ሰው የይለፍ ቃል ጠየቀ። ደሴ ፒያሳ ያለው ጠጋኝ ገልበጥ አድርጎ አየውና «ጋሼ፣ ይህን እኔ አልከፍተውም። የሚከፍተው የድሮው ባለቤት ብቻ ነው» አለኝ። ወደ ሻጩ ስንደውል ቁጥራችንን ዘግቶታል።

በሻንጣ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የውሸት ነው እያልሁ አይደለም። ብዙው ከፋብሪካው የወጣ እውነተኛ ዕቃ ነው። ችግሩ የተሠራው ለሌላ አገር ገበያ መሆኑ ነው። የአምራቹ ዋስትና ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው ዕቃው በተሸጠበት አገር ነው። ውጭ አገር በዱቤ የተሸጠ ስልክ ክፍያው ሲቋረጥ ከሩቅ ሊቆለፍ ይችላል። አሜሪካ በ120 ቮልት ለመሥራት የተሠራ የወጥ ቤት ዕቃ እኛ ቤት 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ይህን ሁሉ በፎቶግራፍ ማወቅ አይቻልም።

ሰው ለምን እንደሚገዛ ይገባኛል። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ የት እንደደረሰ የማያውቅ የለም። ዋጋ ያነሰበትን የሚመርጠውን ተማሪ አልወቅሰውም። ወቀሳዬ «ዋስትና አለው» ብሎ ስሙንና አድራሻውን በሚደብቀው ሻጭ ላይ ነው። ዋስትና በአማርኛችን ዋስ ከሚለው ቃል የወጣ ነው፤ ዋስ ደግሞ ቤቱ የሚታወቅ ሰው ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም አለ። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል። ግን ማንን? ደረሰኝ የለም፣ ሱቅ የለም፣ ገንዘቡም የገባው በግለሰብ ስም ነው። የደሴና የኮምቦልቻ የንግድ መሥሪያ ቤቶች የሱቅ ፈቃድ እንደሚጠይቁት ሁሉ፣ በከተማቸው ሆኖ በቴሌግራም የሚነግደውን ፈቃድህን አሳይ ቢሉት አንድ ነገር ነው። አዲስ አበባ ያለውን ግን እነሱም አይደርሱበትም፤ እስከዚያው መጠንቀቅ የእኛ ሥራ ነው።

በመጪው ቅዳሜ ከልጅቱ ጋር ፒያሳ እንወርዳለን። የምንገዛው አይፎን አይደለም፤ ያለንን አዋጥተን አቅማችን የሚችለውን ነው። ባለሱቁን አውቀዋለሁ፤ በዋጋ በኩል ከኢንተርኔቶቹ ይወደዳል፣ ማታ ግን በሩን ዘግቶ ወደ ሰፈራችን ነው የሚመጣው። *#06# ደውለን የሚወጣውን ባለ15 አሃዝ የስልኩን መለያ ቁጥር ከካርቶኑ ጋር እናመሳክራለን። ሲሟን ከትተን፣ እዚያው ቆመን ጅዳ ላለችው አክስቷ እንደውላለን። ድምጿን ከሰማን በኋላ ደረሰኝ አስቆርጠን እንከፍላለን።