ቁልፉ የት ነው?

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሌሊት 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አልጋዬ በመሬት መንቀጥቀጥ ተወዛወዘ። ለገና ሦስት ቀን ነበር የቀረው። የምኖረው ልደታ አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ቡፌው ውስጥ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። እኔም ብልህ ነኝ ብዬ በባዶ እግሬ ወደ ደረጃው ሮጥኩ።

ደረጃው ላይ በግ ጠበቀኝ። ጎረቤታችን ለበዓል ገዝቶ ከደረጃው ብረት ጋር አስሮታል። በጉ ደንግጦ ገመዱን መተላለፊያው ላይ ወጥሮታል። እሱን ተሻግረን፣ የከሰል ጆንያና ባዶ ጀሪካን እየገፋን ምድር ስንደርስ የብረቱ በር በጓጉንቸር ተቆልፏል። ቁልፉ ያለው ጥበቃው ጋ ነው። እሱ ደግሞ ውጭ ሜዳው ላይ ቆሞ “ውጡ! ውጡ!” ይለናል።

“አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ክፈትልን እንጂ!” አሉት አንዲት እናት፣ ነጠላቸውን በሌሊት ልብሳቸው ላይ ደርበው።

ያን ሰሞን መሬቱ የሚንቀጠቀጠው ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ፣ ፈንታሌና አዋሽ አካባቢ ነበር። እዚያ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። እኛ ጋ የደረሰው ጭራው ነው። የካቲት 7 ደግሞ በሬክተር ስኬል 6 የተለካው መጣ። በማግስቱ ከተማው ሁሉ “ተሰማህ?” ሲባባል ዋለ፣ በሳምንቱ ተረሳ። ነገሩ ግን አዲስ አይደለም። በ1898 ላንጋኖ አካባቢ የተነሳው አዲስ አበባን አንቀጥቅጧል። በ1953 የካራ ቆሬው (የአዲስ አበባው ሰፈር አይደለም፣ የሰሜኑ) ማጀቴን አፈራርሷል። ፍልውሃ የምንታጠበው ትኩስ ውሃም ቢሆን ከመሬት ስንጥቅ ነው የሚወጣው።

“ሕንጻው ከወደቀ ቡፌ እንዳይወድቅ ከግድግዳ ጋር ማሰር ምን ያደርጋል?” የሚል አይጠፋም። የሕንጻው ጉዳይ የመሐንዲሱና የተቆጣጣሪው ነው፣ ይጠየቁበት። ግን ከሩቅ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ፎቁን ዝግ ብሎ ያወዛውዛል፣ ላይ በወጣህ ቁጥር ይብሳል። ያን ጊዜ ሕንጻው ቆሞ ራስህ ላይ የሚመጣው ዕቃው ነው። እኔ ቡፌው አናት ላይ የድሮ ቴሌቪዥንና ብረት ድስት ደርድሬ ነበር። ከሥሩ ፍራሽ ዘርግታ የምትተኛው እህቴ ናት! ሳስበው አሁንም ያመኛል።

ድስቶቹን አወረድኩ፣ ቡፌውን አሳሰርኩ። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ተራ ፊሸር (ብሎን የሚገባበት ፕላስቲክ) ይነቀላል፣ ስለዚህ ባለሙያው ኮንክሪቱ ላይ ቢያስረው ይሻላል። የጋዝ ሲሊንደሩን ማታ ማታ ከአናቱ እዘጋለሁ። አልጋ ሥር ጫማና ባትሪ አለ፣ የተሰበረ ብርጭቆ ላይ በባዶ እግር መሄድ ቀልድ አይደለም። ለምግቡ ፈረንጅ የታሸገ ይግዛ፣ እኛ በሶና ዳቦ ቆሎ አለን፣ እሳት አይፈልግ፣ ቶሎ አይበላሽ። ውሃ ማጠራቀሙንማ ፈረቃው አስተምሮናል። የቤት ካርታና መታወቂያ በአንድ ቦርሳ። 939 ስልክህ ላይ ይመዝገብ፣ የከተማው እሳትና አደጋ ነው።

ሩጫውም ስህተት ነበር። እየተንቀጠቀጠ ደረጃ ላይ መሮጥ ራሱ ይጥላል። ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ፣ ራስን ሸፍኖ፣ የጠረጴዛውን እግር ይዞ መቆየት ነው። መንቀጥቀጡ ሲቆም በደረጃ ወርዶ ወደ ውጭ መውጣት፣ ሊፍት አይነካም። እና ሲቆም ነው በሩ ክፍት መሆን ያለበት! ጋዝ ቢያፈተልክ፣ እሳት ቢነሳ፣ ስልሳ ሰው ከአንድ ጓጉንቸር ጀርባ ቆሞ ጥበቃ ሊጣራ ነው?

ይህን በስብሰባ ሳነሳ የመጣው መልስ “ሌባ ቢገባስ?” ነበር። እውነት አላቸው፣ ሌባ በየሳምንቱ ይመጣል፣ መንቀጥቀጡ አልፎ አልፎ። ሁለት ስብሰባ ፈጀ። በመጨረሻ አንድ አንድ ቁልፍ ለየፎቁ ተቀረጸ። የ4ኛው ፎቅ ቁልፍ ከቤቴ በር አጠገብ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል፣ እህቴ ጨለማ ውስጥ በዳበሳ ማግኘቷን ሞክረናል። ጆንያዎቹም ተነስተዋል። ለፋሲካ በጉ የት እንደሚታሰር ግን ገና አልተስማማንም።