በመጫወቻ ሊጥ የተነሣ ክርክር

ነገሩ የተጀመረው በአንድ የሕፃናት ማቆያ የወላጆች ስብሰባ ሲበተን ነው። ሞግዚቷ ከሚመጣው ወር ጀምሮ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ያሉት ልጆች በሊጥ እንደሚጫወቱ ተናገረችና ከየቤቱ ግማሽ ግማሽ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት እንዲዋጣ ጠየቀች። አብዛኛው ሰው እሺ ብሎ ሄደ። አራት ሰዎች ግን በር ላይ ቆመው ቀሩ፤ ሞግዚቷ ራሷ፣ የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡ አንዲት አያት፣ አንድ አባት እና በፊዚዮቴራፒ ሙያ የምትሠራ እናት።

አያትዬዋ ቀደሙ። «የኔ ልጅ፣ ዱቄት በዚህ ዋጋ እየተገዛ ልጅ እንዲረግጠው ነው የምናዋጣው? እህል መጫወቻ አይደረግም። እኛ በሬውንም ላሟንም እየሠራን ያደግነው በጭቃ ነው።»

«እማማ፣ እውነትዎን ነው፤ ግን እንደሚያስቡት የሚባክን አይደለም» አለች ሞግዚቷ። ለአንድ ልጅ የሚሰጠው ብርቱካን የሚያህል ድብልብል ነው። ከዚያ ከበለጠ ትንሿ መዳፍ አትጨብጠውም፤ ልጁ ነካ ነካ አድርጎ ይተወዋል። ከሁለት ብርጭቆ ዱቄት የሚወጣው ለስድስት ልጅ ይዳረሳል፣ አያያዙን ለሚያውቅ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሳይበላሽ ይቆያል።

አያትዬዋ ሒሳቡን ወዲያው ያዙባት። «ሁለት ብርጭቆ ማለት ሩብ ኪሎ ነው። ሩብ ኪሎ ለስድስት ልጅ ከበቃ፣ ከየቤቱ ግማሽ ኪሎ ምን ልታደርጊበት ነው?» ሞግዚቷ መልስ አጣች። በትክክል ከተሰላ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 40 ግራም ገደማ፣ ማለትም አንድ የቡና ስኒ ዱቄት ነው። መዋጮው እዚያው በር ላይ ወደ አንድ ስኒ ወረደ።

ጭቃውን ግን ፊዚዮቴራፒስቷ አልተቀበለችም። «ለአምስትና ለስድስት ዓመት ልጅ ጭቃን የሚያህል የለም። የአንድ ዓመት ተኩሉ ግን የያዘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው የሚወስደው። ሰው የተጸዳዳበት አፈር ውስጥ የወስፋት እንቁላል ለዓመታት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል።» ቅርጽ የሚይዘው የሸክላ አፈር ደግሞ ለጨቅላ ጣት ይጠነክራል አለች። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ኬይ ዙፋል የምትባል የሕፃናት መምህርት የገጠማት ይኸው ነበር፤ የቅርጽ መሥሪያው ጭቃ ለልጆቹ እጅ አልበገር ሲል፣ የዘመዷ ፋብሪካ በሲንሲናቲ ለግድግዳ ወረቀት ጥቀርሻ ማጽጃ የሚያመርተውን ለስላሳ ሊጥ ሰጠቻቸው። ፕሌይ ዶ የሚባለው የመጫወቻ ሊጥ ለልጆች ተብሎ ገበያ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1956 ነው። «እንግዲህ ዋናው ነገር ልስላሴው ነው» አለች፤ «የሁለት ዓመት ልጅ በአንድ መዳፉ ተጭኖ ሊያጠፋው የማይችለው ሊጥ አይጠቅመውም።»

አባትየው እስከዚህ ድረስ ዝም ብሎ ነበር። «ይሁን፣ ዱቄቱም ይዋጣ። ግን ዝም ብለው ሲቦጫጭቁት ከሚውሉ ሀ ሁን እየጠቀለሉ ቢማሩበት አይሻልም? ገንዘብ የምንከፍለው እንዲማሩ አይደለም እንዴ?»

ፊዚዮቴራፒስቷ ልጆቹን ቀርበህ እያቸው አለችው። የአንድ ዓመት ተኩሉ ሊጡን በአንድ ጣት ይወጋዋል፣ በሙሉ ጭብጡ ይዞ ይቦጭቀዋል። ሁለት ዓመት ሲሞላው በመዳፉ ይጠፈጥፋል፣ ወደፊትና ወደኋላ እየገፋ አንዱ ጫፍ የወፈረ ሌላው የቀጠነ እባብ ያወጣል። ማድቦልቦል የሚመጣው ወደ ሦስት ዓመት ተጠግቶ ነው፤ ምክንያቱም አንዱ እጅ ሲደግፍ ሌላው መዞር አለበት፣ ጫናውም ከላላ አይድቦለቦል፣ ከበረታ ይጠፈጠፋል። «አሁን ሀ ለመሥራት ምን እንደሚያስፈልግ ቁጠር። ውፍረቱ እኩል የሆነ እባብ፣ በጣት ጫፍ ማጠፍ፣ መቁረጥ፣ መግጠም። የሁለት ዓመቱ ልጅ አንዱንም አልደረሰበትም። ስለዚህ ፊደሉን የምትሠራው አንተ ነህ፣ እሱ ቁጭ ብሎ ያይሃል።»

«ታዲያ መቼ ነው የሚደርሰው?»

«አራት ዓመት ካለፈው በኋላ፣ እሱ ራሱ እባቡን እኩል ማንከባለል ሲችል። እስከዚያ ድረስ መጭመቁም መቆንጠሩም የሚያጠነክረው እርሳስ የሚይዙትን ጡንቻዎች ነው፤ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ተገናኝተው ትንሽ ቁራጭ ቆንጠር ሲያደርጉ የምታየው ያንኑ አያያዝ ነው።»

ሞግዚቷ እዚህ ላይ ገባችበት። ወላጅ ቁጭ ብሎ አምሮ የተሠራ ላም ባሳየ ቁጥር ልጁ የራሱን ሊጥ ገፋ አድርጎ «አንተ ሥራልኝ» ይላል፤ ሁለተኛ ላም፣ ሦስተኛ ላም ሲጠይቅ ይውላል፣ እጁ ግን ከሊጡ ወጥቷል። አባትየው ተቆጣ። «ታዲያ አፌን ዘግቼ ላየው ነው?»

«ኧረ አይደለም፣ ወንድሜ» አለችው ሞግዚቷ። «የራስህን ድብልብል ያዝ፤ እሱ የሚያደርገውን አድርግ፣ ቀድመኸው አትሂድ። ቢጠፈጥፍ ጠፍጥፍ። አፍህ ደግሞ ሥራውን ይጥራው፤ 'ጫንከው፣ ሳብከው፣ ሲሳብ ቀጠነ፣ ተበጠሰ!' 'ይሄ ምንድን ነው?' እያልክ አትጠይቀው። እሱ ገና ምንም ብሎ አልሰየመውም።»

ከዚህ በኋላ ክርክሩ ወደ አሠራሩ ዞረና የሁለቱ ሴቶች ሆነ። ሞግዚቷ ዱቄት፣ ጨው፣ ዘይትና ቀዝቃዛ ውሃ አሽታ በአምስት ደቂቃ ትጨርሳለች፤ እሳት አያስፈልግም ባይ ናት። ፊዚዮቴራፒስቷ መብሰል አለበት አለች። ጥሬ ዱቄት ንጹሕ ቢመስልም ከማሳ ይዞት የመጣ ሳልሞኔላም ሆነ ኢ. ኮላይ የሚባል የሆድ ሕመም የሚያመጣ ጀርም ሊኖርበት ይችላል፤ አዋቂ የማያመው መጠን ልጅን ሊጥል ይችላል። ያልበሰለው ሊጥ ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት ውሃ ይተፋና ይጣበቃል፣ የበሰለው ግን የዱቄቱ ስታርች ውሃውን ውጦ ስለያዘው ልስላሴው አይለቅም።

«የእኔ ግን ጣት ይቧጭራል» አለች ሞግዚቷ፤ «ለምን እንደሆነ አላውቅም።»

«ጨው ስንት ነው የምታደርጊው?»

«ለሁለት ብርጭቆ ዱቄት አንድ ሙሉ ብርጭቆ።»

ሚስጥሩ እዚያ ነበር። አንድ ብርጭቆ ደቃቅ ጨው 300 ግራም ይጠጋል፤ ሁለት ብርጭቆ ወይም ግማሽ ሊትር ውሃ ግን ከ180 ግራም ብዙም አያሟሟም። የሞግዚቷ ውሃ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። የተረፈው ጨው ሊጡ ውስጥ እንደ አሸዋ ይቀራል፤ የገበያው ድፍን ጨው ከሆነማ ይብስበታል። ግማሽ ብርጭቆ ይበቃል፤ ሙሉ በሙሉ ይሟሟል፣ ሻጋታንም ያዘገያል።

ፊዚዮቴራፒስቷ የተናገረችው አሠራር ትክክለኛ ስለሆነ እንዳለ አስቀምጠዋለሁ። ሁለት ብርጭቆ ውሃ አሙቆ ግማሽ ብርጭቆ ጨው ከታች ምንም እስከማይታይ ማማሰል። ከእሳት አውርዶ ለብ ሲል ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ሦስት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ መጨመር። ሁለት ብርጭቆ ፉርኖ ዱቄት ድስት ውስጥ አድርጎ ውሃውን ጥቂት በጥቂት እያፈሰሱ መበጥበጥ፤ በአንዴ ከተገለበጠ ይጓጉላል፣ እንዲህ የተጓጎለ ደረቅ ዱቄት ደግሞ እሳት ላይ አይፈታም። ከዚያ በዝግታ እሳት ላይ በእንጨት ማማሰያ ሳያቋርጡ ማማሰል። መጀመሪያ አጥሚት ይመስላል፣ ቀጥሎ ይጓጎላል፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተበላሸ ብሎ ያወርደዋል። መታገሥ ነው፤ ከድስቱ ግድግዳ እየለቀቀ አንድ ሆኖ ማማሰያው ላይ ሲጠቀለልና የእርጥበቱ ብልጭታ ሲጠፋ ደርሷል። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ እጅ የማያቃጥል ሲሆን በደንብ ማሸት። ጣት ላይ ከተጣበቀ ዱቄት ከመጨመር ይልቅ ወደ ድስቱ መልሶ አንድ ሁለት ደቂቃ ማብሰል ይሻላል፤ ዱቄት የተጨመረበት በማግሥቱ ይፈረፈራል። ከተሰነጣጠቀ ጥቂት ዘይት በመዳፍ ቀብቶ ማሸት።

ክዳኑን ገና ትኩስ ሳለ መግጠም የብዙ ሊጥ ሞት ነው፤ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ጠብ ጠብ ብሎ ይመለሳል፣ ላዩ ይሟሽሻል፣ ሻጋታው ከዚያ ይጀምራል። ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው የሚከደነው።

ቀለሙ ላይ አያትዬዋ ተመለሱ፤ እርድና ቀይ ሥር በቤት እያለ የምግብ ቀለም መግዛት አልታያቸውም። ልክ ናቸው። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ ደማቅ ቢጫ ይሰጣል። ልብስ ላይ ካረፈ ግን ሳሙና ሲነካው ወደ ቀይ ይለወጣልና እናት ትደነግጣለች፤ እርድ ከሳሙና ጋር ሲገናኝ የሚያሳየው ጠባይ ነው፣ አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት ያደበዝዘዋል። ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ በተራው ውሃ ፈንታ ቢገባ፣ ሎሚው ቅላቱን ይይዝለታል፤ ነገር ግን ከእርዱ ቀድሞ ይደበዝዛል፣ ቶሎም ይበላሻል፤ ከሳምንት በላይ አላስቀምጠውም።

አሁን የኔን ፍርድ ልናገር። በፊደሉ ጉዳይ አባትየው ተሳስቷል፤ ስለ ልጁ ትምህርት መጨነቁ ግን የሚያስመሰግነው ነው። ለሁለት ዓመት ልጅ ትምህርቱ «ሲሳብ ቀጠነ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው፤ እጁ ያደረገውን ጆሮው በዚያው ቅጽበት ሲሰማ ቃሉ ይያዛል። ይህንን ከአባት የተሻለ የሚሰጠው የለም፣ ሞግዚት ስምንት ልጅ ከብባት ለእያንዳንዱ ልትለው አትችልም።

ሞግዚቷ ላም አታሳዩ ማለቷ ልክ ነው። ያላነሣችው ነገር ዕቃዎቹን ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊጡና እጅ ብቻ ይበቃሉ፤ መዳመጫና ቅርጽ ማውጫ ቀድሞ የቀረበለት ልጅ መጭመቁን ትቶ ዕቃውን ይዞ ይቀራል። ከዚያ ሹካ፣ ያረጀ ማበጠሪያና የስኒ አፍ ይበቁታል። ባቄላና ሽምብራ ሊጡ ላይ ማስጌጥ ለዚህ ዕድሜ ፈጽሞ መቅረት አለበት። በሽንት ቤት ወረቀት ካርቶን ቀዳዳ የሚያልፍ ነገር ሁሉ የልጅን ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል፤ አፍንጫ ውስጥ የገባ ባቄላ ደግሞ እርጥበት ስቦ እያበጠ ይሄዳል፣ ለማውጣት ሐኪም ይጠይቃል።

ጨው ላይ ሁሉም አቅልለው አልፈዋል። ጨው በተቀነሰበት በዚህ አሠራር እንኳ ከሊጡ ክብደት አንድ ስድስተኛ ያህሉ ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ሲል፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሊጥ ከዚያ ያልፋል። ቀመስ አድርጎ ፊቱን አጨማዶ የሚተፋ ልጅ አያሳስብም፤ የሚያሳስበው ደጋግሞ የሚውጥ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ከጠረጴዛው አንሥቶ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና መሞከር ይሻላል። ጣቱ የተሰነጠቀ ልጅም ጨው ያቃጥለዋልና ያንን ቀን ይለፈው። ስንዴ የማይስማማው ልጅ ካለ የሁሉም ሊጥ ከሩዝ ወይም ከበቆሎ ዱቄት ይሁን፤ ይፈረፈራል፣ ግን አንድ ጠረጴዛ ላይ የልጆች እጅ ሊጡን ማቀላቀሉ አይቀርም።

ማቆያ ውስጥ አንድ ትልቅ ሊጥ ለሁሉም መቆራረሱን ደግሞ አልስማማበትም። ለየልጁ ስም የተጻፈበት ክዳን ያለው ዕቃ ይኑር፣ ከጨዋታው በፊትም በኋላም እጅ ይታጠብ፣ ተቅማጥ ወይም ጉንፋን የያዘው ልጅ ሊጥ ይጣል። አንድ ስኒ ዱቄት ነውና ለመጣል አያሳዝንም።

እህል አይቀለድበትም ያሉትን አያት ግን ማንም በር ላይ አልመለሰላቸውም፤ እኔ ከእሳቸው ጋር ነኝ። ለቤት የሚሻለው መንገድም በእጃቸው ያለው ነው። ለቡሄ ነሐሴ 13 ሙልሙል ሲጋገር ወይም በማንኛውም ዳቦ በሚጋገርበት ቀን ከሊጡ ላይ ቁራጭ ለልጁ ይሰጠው፤ ይጠፍጥፈው፣ ይሳበው፣ ጣቱን ይውጋበት፣ የሠራው ከሌላው ጋር ይጋገርና ይብላው። የሚጠበቀው አንድ ነገር ጥሬውን እንዳይውጥ ነው፤ እርሾ የገባበት ሊጥ ሆድ ውስጥም መነፋቱን ይቀጥላል። ጠረጴዛው የልጁ ክርን ድረስ ይምጣ፣ ልጁ ቆሞ ይሥራ፤ ሲቆም ከትከሻው ተጭኖ መግፋት ይችላል፣ ተቀምጦ ግን በአብዛኛው ጣቱን ነው የሚያንቀሳቅሰው። የሁለት ዓመት ልጅ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ሠርቶ ዞር ይላል፤ ሲሄድ አይጠራ።