ፓኖራማ ይሰፋ ወይስ ይቆረጥ?

ተራራን፣ ከተማን ወይም የበዓል ሕዝብን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ረጅም ፎቶ፣ ማለትም በፓኖራማ፣ ማሳየት የሚፈልግ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ካሜራውን እያዞሩ ብዙ ፍሬም ማንሳትና በኮምፒውተር እርስ በርስ መስፋት ነው። ሁለተኛው በሰፊ ሌንስ አንድ ጊዜ ብቻ አንስቶ ከላይና ከታች ያለውን ቆርጦ መጣል ነው። ከዚህ በታች ሁለት ፎቶ አንሺዎች፣ አንዱ ለስፌት ሌላው ለቆረጣ ቆመው ይከራከራሉ።

ለስፌት የቆመው

«ሰፊ» ስንል ስፋት ያለውንም ልብስ የሚሰፋውንም ማለታችን ሊሆን ይችላል፤ ለእኔ ፓኖራማ ሁለቱንም ይጠይቃል። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ የሚሰጠን ፎቶ ብዙውን ጊዜ ወርዱ 6000፣ ቁመቱ 4000 ነጥብ (ፒክስል) ነው። ወርዱ የቁመቱ ሦስት እጥፍ እንዲሆን ብንቆርጠው የሚተርፈን 6000 በ2000 ነው፤ ገንዘብ ከከፈልንበት ምስል ግማሹን ጣልነው ማለት ነው። የቀረው በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሂሳብ ሲታተም ከግማሽ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ያንኑ ካሜራ በቁመቱ ይዤ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ስምንት ፍሬም ባነሳ፣ እያንዳንዱም ከጎረቤቱ ጋር 30 በመቶ ያህል ቢደራረብ ግን፣ ወርዱ ከ23,000 ነጥብ በላይ የሆነና በዚያው ጥራት እስከ ሁለት ሜትር ሊታተም የሚችል ፎቶ አገኛለሁ።

ከጥራቱም በላይ የእይታው ነገር አለ። በሙሉ ፍሬም ካሜራ (ምስል መቀበያው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልምን ፍሬም በሚያህለው) ላይ የ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ በአግድም የሚያየው 74 ዲግሪ ያህል ነው፤ ቆረጣ በዚህ ላይ አንዲት ዲግሪ አይጨምርም። በሰሜን ተራሮች፣ 3,926 ሜትር ከፍታ ባለው እሜት ጎጎ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ግን ገደሉን የሚያየው ከፊቱ ብቻ ሳይሆን በግራና በቀኙም ጭምር ነው። እነዚያ ስምንት ፍሬሞች 160 ዲግሪ ገደማ ይሸፍናሉ። ከዚህ ያነሰ ፎቶ ተራራውን ያሳይ ይሆናል እንጂ በተራራ መከበብን አያሳይም።

እርግጥ ነው፣ ስፌት የራሱ ሕግ አለው። ኤክስፖዠሩ (የብርሃን መጠኑ)፣ ፎከሱና ዋይት ባላንሱ (የቀለም ሚዛኑ) ከመጀመሪያው ፍሬም በፊት በእጅ ተስተካክለው መቆለፍ አለባቸው፤ አለዚያ ሰማዩ ቁርጥራጭ ጨርቅ የተጣጣፈበት ይመስላል። ፖላራይዘር ፊልተርም (ነጸብራቅ የሚቀንሰው የሌንስ ፊት መስታወት) መውለቅ አለበት፣ ምክንያቱም ከፀሐይ በ90 ዲግሪ ርቀት ያለውን ሰማይ ከሌላው ይልቅ ስለሚያጠቁረው በሰፊ ፎቶ ላይ ጥቁር መቀነት ይጥላል። ከሁሉ የሚከብደው የፓራላክስ ጉዳይ ነው። አንባቢ ጣቱን ከፊቱ አቁሞ አንዱን ዓይን ቢጨፍንና ቢያፈራርቅ ጣቱ ከኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ወዲያና ወዲህ ሲዘል ያያል፤ ካሜራውም ትራይፖዱ ላይ ሲዞር፣ የመዞሪያው ነጥብ ሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚገባበት ብሌን ላይ ካልዋለ፣ ቅርብ ያለው ነገር ልክ እንደዚያ ጣት ይዘላል። ለዚህ ነው ካሜራውን ወደ ኋላ የሚያንሸራትት ማቆሚያ የምንጠቀመው። ሩቅ ተራራ ብቻ ለሚያነሳ ሰው ግን በእጅ መያዙም ይበቃዋል።

ለቆረጣ የቆመው

የባልደረባዬ ሂሳብ ትክክል ነው፤ በቁጥሩ አልከራከራቸውም። እኔም ለዓመታት እሰፋ ነበር፤ ያቆምኩት ደመራ ላይ ነው። መስከረም 16 ማታ፣ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ቆሜ ከግራ ወደ ቀኝ ስድስት ፍሬም አነሳሁ። ቤት ገብቼ ስሰፋው ነጭ ነጠላ የለበሰና ችቦ የያዘ አንድ ወጣት ሁለት ቦታ ቆሞ አገኘሁት፤ እኔ ካሜራዬን ወደ ቀኝ ሳዞር እሱም ወደ ቀኝ እየሄደ ኖሯል። አጠገቡ የነበሩት ሴትዮ ደግሞ መጋጠሚያው ላይ ስለዋሉ ነጠላቸው አለ፣ ፊታቸው የለም። ፎቶው ከሩቅ ሲታይ ያምራል፤ ነገር ግን ያ ማታ እንደዚያ አልነበረም።

ሌላም አለ። ሰፊ እይታን በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ለመዘርጋት ሶፍትዌሩ ምስሉን መጀመሪያ በሲሊንደር ላይ እንደሚጠቀልል አድርጎ ያሰላዋል። መስቀል አደባባይን የሚያውቅ ሰው ደረጃው እንደ ግማሽ ክብ የታጠፈ፣ ፊት ለፊቱ ያለው መንገድ ደግሞ ቀጥ ያለ መሆኑን ያውቃል። ከመንገዱ በኩል ወደ ደረጃው ዞሬ የሰፋሁት ፎቶ ላይ ክቡ ደረጃ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ በሌላ ቀን ከደረጃው ወደ መንገዱ ዞሬ ስሰፋ ደግሞ ቀጥ ያለው መንገድ እንደ ቀስት ጎበጠ። ቦታውን ለማያውቅ ሰው ሁለቱም ፎቶዎች የተሳሳተ ነገር ይነግሩታል።

ዋናው ክርክሬ ግን ቅንብሩ ላይ ነው። በአንድ ፍሬም የሚያነሳ ሰው አራቱንም ጠርዝ በዓይኑ እያየ ይወስናል፤ የቱ ዛፍ ይግባ፣ የቱ ምሰሶ ይቅር፣ ችቦው ከየትኛው ጥግ ይጀምር የሚለውን መዝጊያውን ሳይጫን ይጨርሳል። የሚሰፋው ሰው ግን ምን እንዳገኘ የሚያውቀው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሃሰልብላድ ኤክስፓን የተባለው ካሜራ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ 24 በ65 ሚሊ ሜትር የሆነ ምስል በአንድ ጊዜ ያነሳ የነበረው፣ ተጠቃሚዎቹም እስከ ዛሬ የሚወዱት፣ ጠባብና ረጅም ፍሬምን በመመልከቻው ውስጥ አይቶ መምረጥ የተለየ ዓይን ስለሚሰጥ ይመስለኛል። ስልክን እያዞሩ ማንሳቱን እዚህ አላነሳውም፤ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ለስፌት የቆመው

የተደገመው ወጣት አዲስ ሰው አይደለም። ሰርከት የተባለው በሞተር የሚዞር ካሜራ እ.ኤ.አ. ከ1900ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የትምህርት ቤት ተማሪዎችን በረጅሙ ሲያነሳ፣ ሌንሱ አንደኛውን ጫፍ አልፎ ሲሄድ ከኋላ ሮጦ ሌላኛው ጫፍ ላይ የሚቆም ልጅ አይጠፋም ነበር፤ በአንድ ፊልም ላይ፣ ያለ አንዳች ስፌት ሁለት ጊዜ ይወጣል። ስለዚህ የሰውን መደገም የሚያመጣው ስፌት ሳይሆን ጊዜ ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ሕዝቡ ወደ ቀኝ የሚሄድ ከሆነ ካሜራውን ከቀኝ ወደ ግራ ማዞር። ያኔ አንድ ሰው ከሌንሱ ጋር የሚገናኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መጋጠሚያውም በሰው ፊት ላይ ሳይሆን በግድግዳ ወይም በጨለማ ላይ እንዲውል በእጅ ማስተካከል ይቻላል።

ስለ ጎበጠው መንገድ፣ ሶፍትዌሩ ሲሊንደርን ብቻ አያውቅም። ቀጥታ መስመርን ቀጥ አድርጎ የሚያቆይ አዘረጋግ አለ፤ ሆኖም ከ100 ዲግሪ ሲያልፍ ጫፎቹን እንደ ላስቲክ ስለሚለጥጥ ለጠባቡ ብቻ ይሆናል። ለእሜት ጎጎ ግን ሲሊንደሩ ምንም አያጎድልም፤ ገደል ቀጥ ያለ መስመር የለውም።

ቅንብር ቤት ይሠራል የተባለውን ግን አልቀበልም። ማንኛውንም ፍሬም ከማንሳቴ በፊት ካሜራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሬ እያየሁ፣ ጭላዳው የተቀመጠበትን ቋጥኝ በየትኛው ፍሬም መሐል እንደማውለው ወስኜ ነው የምጀምረው። እሱን ቀድሜ አነሳዋለሁ፤ ተራራው አይሄድም፣ ጭላዳው ግን ሣር ሊነጭ ይነሳል።

ለቆረጣ የቆመው

ከቀኝ ወደ ግራ የማዞሩን ነገር አላውቀውም ነበር፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ነገር ግን ደመራ ላይ ሕዝቡ ወደ አንድ አቅጣጫ አይሄድም። ካህናቱ ደመራውን ይዞራሉ፣ ወጣቶቹ በተቃራኒው ይጨፍራሉ፣ ሕፃናት በመሐል ይሮጣሉ፤ ለማን ተቃራኒ ሆኜ ላዙር? ለተራራ ስፌትን እተውላቸዋለሁ፤ ሰው ባለበት ግን አልሰፋም። በሚቀጥለው ደመራ የ24 ሚሊ ሜትር ሌንሴን ይዤ ከደረጃው አራተኛ ወይም አምስተኛ እርከን ላይ እቆማለሁ፤ የፍሬሙን የታችኛውን ሩብ ለፊተኞቹ ራሶች፣ የላይኛውን ሩብ ለጭሱ እተዋለሁ፤ እነዚህን ሁለቱን ቆርጬ እንደምጥላቸው እያወቅሁ፣ መሐል ያለውን የችቦ መስመር ብቻ እያየሁ እጠብቃለሁ።