«ሕዝቡ ተናግሯል»፤ የትኛው ሕዝብ?

በዲሴምበር 2025 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የብሪታኒያ ፓርላማ ውስጥ የሆነውን ሰምታችኋል። ሊብራል ዴሞክራቶች መንግሥት ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የጉምሩክ ኅብረት (በመካከላቸው ቀረጥ የሌለበት፣ ከሌላ አገር በሚገባ ዕቃ ላይ አንድ ዓይነት ቀረጥ የሚጣልበት ስምምነት) ለመፍጠር እንዲደራደር የሚጠይቅ ረቂቅ ይዘው መጡ። ድምፅ ሲቆጠር 100 ለ100 ወጣ። እኩል ለእኩል! ምክትል አፈ ጉባኤዋ የራሳቸውን ድምፅ ባይጨምሩበት ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር።

650 አባላት ባሉት ምክር ቤት ወደ 200 ሰው ብቻ። ሌላው የት ሄደ? ገዢው ሌበር ፓርቲ አባላቱ ከነገሩ እጃቸውን እንዲሰበስቡ ነግሯቸው ነበር። አሻፈረኝ ብለው ረቂቁን የደገፉት የሌበር ሰዎች 13 ናቸው። የቀሩት የት እንደዋሉ እነሱ ያውቃሉ።

ረቂቁ ሕግ ሆኖ እንደማይወጣ የማያውቅ የለም። መንግሥት ያልፈለገው እንዲህ ያለ ረቂቅ ዕጣው መሳቢያ ነው። ደሜን ያፈላው ሌላ ነገር ነው። በ2016ቱ ሕዝበ ውሳኔ 52 በመቶው ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ብሎ ነበር፤ ብሬግዚት የሚሉት ይህን መውጣት ነው። የጉምሩክ ኅብረት በተነሳ ቁጥር ከብሬግዚት ደጋፊዎች የሚመዘዘው ያው የዘጠኝ ዓመት መፈክር። «ሕዝቡ ተናግሯል፤ ደግሞ መጠየቅ ዴሞክራሲን መርገጥ ነው»። ከሱ የባሰው ደግሞ ሌበሮች ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ደፍተው ማለፋቸው ነው።

እስቲ ይህን ክርክር ቀረብ ብለን እንየው። ሕዝብ አንዴ ከወሰነ አለቀ ደቀቀ ከሆነ፣ ብሪታኒያ ዛሬም አባል መሆን ነበረባት። ሕዝቡ እኮ በ1975 ተጠይቆ ነበር። ያኔ አገሪቱ የዛሬው ኅብረት መነሻ የሆነውን የአውሮፓ ማኅበር ከተቀላቀለች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። 67 በመቶው «እንቆይ» አለ። 52 አይደለም፣ 67! ታዲያ በ2016 ለምን እንደገና ተጠየቀ? ያን ጊዜ ዴሞክራሲ አልተረገጠም? ይህን ስትጠይቋቸው «አርባ ዓመት አልፎታል፣ ጊዜው ተለውጧል» ይሏችኋል። ደግ። እንግዲያው የሕዝብ ውሳኔ የአገልግሎት ዘመን አለው ማለት ነው። የቀረን ክርክር ስንት ዓመት ነው የሚለው ብቻ ነው። አርባ የሚለውን ቁጥር ከየት እንዳመጡት ግን የነገረን የለም። ሕዝቡ በ2019 የኮንሰርቫቲቭ ፓርቲውን መሪ ቦሪስ ጆንሰንን በ80 መቀመጫ ብልጫ መረጠ፤ በ2024 ፓርቲያቸውን አሽቀንጥሮ ጣለ። «በ2019 ተናግራችኋል፣ አሁን ደግሞ መጠየቅ ንቀት ነው» ያለ ሰው ሰምታችኋል?

የብሬግዚት አቀንቃኙን ናይጀል ፋራጅን ደግሞ አንርሳ። ሕዝበ ውሳኔው ሊካሄድ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው፣ በሜይ 2016፣ 52 ለ48 የሆነ ውጤት «ያላለቀ ጉዳይ» ነው ብለው ነበር። ይህን ያሉት 52ቱን «እንቆይ» ባዩ ወገን ይወስደዋል ብለው ሲሰጉ ነው። ውጤቱ ልክ በዚያው ቁጥር መጣ፣ የተገላቢጦሽ ሆኖ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ጉዳዩ ያለቀለት ሆነ። እንዲያውም ተሳትፎው ከ75 በመቶ በታች ሆኖ አሸናፊው ወገን 60 በመቶ ካላገኘ ሕዝበ ውሳኔው ይደገም የሚል የፊርማ ማሰባሰቢያ ቀድሞ የከፈተው የ«እንውጣ» ደጋፊ ነበር! በኋላ ከአራት ሚሊዮን በላይ ፊርማ ሲጎርፍበት ግን ከሌላው ጎራ ነው የመጣው። ሲሸነፉ ይደገም፣ ሲያሸንፉ ይዘጋ። ይህን ነው የዴሞክራሲ መርህ ብለው የሚያስተምሩን።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ይሄ «ሕዝቡ» የሚሉት ማን ነው?

ጁን 23 ቀን 2016 «እንውጣ» ያሉት 17.4 ሚሊዮን፣ «እንቆይ» ያሉት 16.1 ሚሊዮን ናቸው። ልዩነቱ 1.27 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ተኩል ነጉዷል። ብሪታኒያ ውስጥ በዓመት 600 ሺህ ገደማ ሰው ይሞታል። በዓመት 700 ሺህ ገደማ ልጅ ደግሞ 18 ዓመት ይሞላዋል። አባዙት። ያኔ ከነበሩት አዋቂዎች ከአምስት ሚሊዮን የሚበልጡት ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ወጣት ደግሞ ለድምፅ ዕድሜ ደርሷል። የሚሞቱት አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው፤ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ከሆነው መካከል ከአሥሩ ስድስቱ «እንውጣ» ብለው ነበር። ከ18 እስከ 24 ካሉት ደግሞ ከአሥሩ ሰባቱ «እንቆይ» ነው ያሉት። አንድም ሰው ሐሳቡን ባይቀይር እንኳ ያቺ 1.27 ሚሊዮን ድሮ ተበልታለች።

ይህን ስታነሱ «የሽማግሌ ሞት ትመኛለህ?» የሚል አይጠፋም። አልመኝም። ዕድሜ ይስጣቸው። ቁጥሩን ግን እኔ አልፈጠርኩትም። የምለው ይህን ነው፤ ዛሬ 27 ዓመት ያልሞላው አንድም ሰው በዚያ ቀን ድምፅ አልሰጠም። አንድም! የውሳኔውን ዕዳ ረጅሙን ዘመን የሚከፍለው ግን እሱ ነው። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የነበረችውን ውሰዱ። ዛሬ 18 ሞልቷታል። እናቷ በሷ ዕድሜ ሻንጣዋን አንጠልጥላ በርሊን ወይም ባርሴሎና ገብታ ቡና ቤት ተቀጥራ መሥራት ትችል ነበር፣ ማንንም ሳታስፈቅድ። ልጅቷ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አትችልም። ልሥራ ካለች ፈቃድ ፍለጋ ነው። ከኦክቶበር 2025 ወዲህ ደግሞ አውሮፓ በጀመረው አዲስ የድንበር ሥርዓት አሻራ ሰጥታ፣ ፎቶ ተነስታ ነው የምትገባው። ማን ጠየቃት? ማንም። «ሕዝቡ ተናግሯል» የሚላት ሰውዬ እሷን ሕዝብ ውስጥ አልቆጠራትም ማለት ነው።

የመራጩ ስብስብ ራሱ ከመጀመሪያው በልክ የተሰፋ ነበር። በ2014 ስኮትላንድ ስለ ነፃነቷ ስትወስን የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች ድምፅ ሰጥተዋል። በ2016 ግን ተከለከሉ፤ የላይኛው ምክር ቤት ይፈቀድላቸው ብሎ የታችኛው ውድቅ አደረገው። ብሪታኒያ ውስጥ ሠርተው ግብር የሚከፍሉ የአውሮፓ ዜጎች፣ ከአየርላንድ፣ ከማልታና ከቆጵሮስ ሰዎች በቀር፣ መምረጥ አልቻሉም። ከ15 ዓመት በላይ ውጭ አገር የኖሩ ብሪታኒያውያንም እንደዚያው፣ አውሮፓ ውስጥ ቤት ሠርተው የኖሩት ጭምር። ነገሩ በቀጥታ ሕይወታቸውን የሚነካቸው ሰዎች እየተለቀሙ ወጡና የቀረው «ሕዝቡ» ተባለ። ስኮትላንድ 62 በመቶ «እንቆይ» ብላ ነበር። ሰሜን አየርላንድም ወደ 56 በመቶ። እነሱስ ሕዝብ አይደሉም?

ዛሬ ያለው ሕዝብ ምን እንደሚል ማወቅ የሚፈልግ ደግሞ ጥናቶቹ ክፍት ናቸው። በጃንዋሪ 2025 የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ዩጎቭ ባወጣው ጥናት መውጣቱ ትክክል ነበር ያለው 30 በመቶ ነው፤ ስህተት ነበር ያለው 55 በመቶ። ብሬግዚት ከውድቀት ይልቅ ስኬት ነው ያለው 11 በመቶ። አሥራ አንድ! «እንውጣ» ብለው ከመረጡት ከስድስቱ አንዱ ያህል ተሳስተናል ይላል። የአንድ ሰሞን ቁጣ ነው እንዳትሉ፣ መስመሩ ዓመታት አስቆጥሯል። ያኔ ለመምረጥ ዕድሜያቸው ያልደረሰው ወጣቶችማ አይነሱ፤ ሦስት አራተኛ ያህሉ ስህተት ነው የሚሉት።

«በትክክል ስላልተተገበረ ነው» ይላሉ አሁን። ይህን ማምለጫ ስሰማ ሳቄ ይመጣል። ማን ነበር የተገበረው? ራሳቸው! የዘመቻው ፊት አውራሪ ቦሪስ ጆንሰን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው፣ ስምምነቱን ራሳቸው ፈርመው። ለአውሮፓ ከሚላክ ለጤና አገልግሎት ይዋል ተብሎ በዘመቻው ቀይ አውቶቡስ ጎን ላይ የተጻፈውን በሳምንት 350 ሚሊዮን ፓውንድ ማን አየው? የዓሣ አጥማጆቹ ከተማ ግሪምዝቢ በምትገኝበት አካባቢ 70 በመቶው ባሕራችንን እናስመልሳለን ብሎ መረጠ። በ2021 የሼልፊሽ (ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳት) ነጋዴዎች ከብዙ የአገሪቱ ውሃዎች የሚያወጡትን ሙሴልና ኦይስተር ከነሕይወቱ ለአውሮፓ መሸጥ ተከለከሉ፤ አገራቸው «ውጭ አገር» ሆነችና። የአውሮፓ ጀልባዎች ደግሞ በሜይ 2025 በተደረገው ስምምነት እስከ 2038 ድረስ እዚያው ባሕር ላይ ያጠምዳሉ። ስደተኛ ይቀንሳል ተባለ፤ እስከ ጁን 2023 በነበረው አንድ ዓመት የገባው ከወጣው በ900 ሺህ ገደማ በለጠ። ሰማያዊውን ፓስፖርት መቼም ሰጥተዋል። የሉዓላዊነት ምልክት ነው ተብሎ የተጨበጨበለት ያ ፓስፖርት ጨረታውን ያሸነፈው የፈረንሳይና የደች ኩባንያ ሲሆን የታተመው ፖላንድ ነው። ይህንን ልብወለድ ጸሐፊ ቢጽፈው «አጋነንክ» ይባል ነበር።

ኢኮኖሚውን እንኳ ብዙ አልነካውም። የመንግሥት ገለልተኛ የበጀት ተቆጣጣሪ፣ አገሪቱ አባል ሆና ብትቀጥል ከምትደርስበት ምርታማነት በረጅም ጊዜ 4 በመቶ ያህል ታጣለች ይላል። የገንዘብ ሚኒስትሯ ሬቸል ሪቭስም በ2025 ብሬግዚት ኢኮኖሚውን እንደጎዳው በአደባባይ ተናግረዋል። በሽታውን አወቁት፣ ስሙን ጠሩት፣ መድኃኒቱ ሲመጣ ድምፅ አትስጡ አሉ።

ይሄ ነው ከፋራጅ ይልቅ በ2024 ሌበርን ለሥልጣን ባበቁት በኪር ስታርመር የሚያናድደኝ። ፋራጅ የሚፈልጉትን ያውቃሉ። ስታርመር ግን በ2018 የሌበር ጉባኤ ላይ ቆመው «መቆየትን እንደ አማራጭ ማንም አልዘጋም» ብለው አዳራሹ ተነስቶ ያጨበጨበላቸው ሰው ናቸው። በ2024 ምርጫ ዋዜማ ደግሞ አገሪቱ በሕይወት ዘመንዎ ወደ ኅብረቱ፣ ወደ ነጠላ ገበያው ወይም ወደ ጉምሩክ ኅብረቱ ትመለሳለች ወይ ተብለው ሲጠየቁ አይመስለኝም አሉ። ያኔ ዕድሜያቸው 61 ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ ምን አዲስ ነገር ተገኘ? ጥናቶቹ ወደ እሳቸው የድሮ አቋም ሲመጡ፣ እሳቸው ከድሮ አቋማቸው ሸሹ። አሁን ጓሮ ለጓሮ ትንሽ ትንሽ እየመለሱ ነው። ጆንሰን በ2020 ምንም አይነካውም ብለው ምለው ተገዝተው በዚያው ዓመት የጣሉት የኢራስመስ የተማሪዎች ልውውጥ ከ2027 ጀምሮ ይመለሳል ተብሏል። ጥሩ ነው። ግን ትክክል መሆኑን ካመኑ ለምን በድብብቆሽ?

ፍርሃቱ ይገባኛል። የፋራጅ ሪፎርም ፓርቲ በ2025 በጥናቶች ሲመራ ቆይቷል፤ ሌበር ደግሞ በ2016 «እንውጣ» ባሉ አካባቢዎች ብዙ መቀመጫ አለው። ታዲያ ፋራጅን በመምሰል ነው ፋራጅን የሚያሸንፉት? የብሬግዚት ፍቅር ያለበት ሰው ዋናው እያለ ቅጂውን ለምን ይመርጣል? ሌበር በ2024 ያን ሁሉ ወንበር ያገኘው በ33.7 በመቶ ድምፅ ነው። ከሱ ላይ ወደ ሊብራል ዴሞክራትና ወደ ግሪን የሚፈሰውን የሚቆጥረው ያለ አይመስልም።

መመለስ ቀላል ነው አልልም። ሁሉም አባል አገር መስማማት አለበት፣ የድሮው የመዋጮ ቅናሽ አይመለስም፣ ዩሮ ግዴታ ነው ከተባለም ድጋፉ ይቀንሳል፤ ይህን ጥናቶቹም ያሳያሉ። እሺ። ግን የዲሴምበሩ ረቂቅ ስለ ዩሮ አይደለም፣ ስለ አባልነትም አይደለም። ስለ ጉምሩክ ነው! ለመደራደር እንኳ ፈቃደኛ ያልሆነ መንግሥት ስለ ዩሮ ሊያስፈራራኝ አይገባም።

ይኸው መንግሥት ለሚቀጥለው ጠቅላላ ምርጫ የመራጩን ዕድሜ ወደ 16 ዝቅ አደርጋለሁ ብሏል። ምርጫው ቢዘገይ ቢዘገይ በ2029 ነው። በዚያ ዓመት 16 የሚሞላው ልጅ በሕዝበ ውሳኔው ቀን ቢበዛ ሦስት ዓመቱ ነበር። የሌበር እጩ ያን ልጅ ደጃፉ ላይ ቆሞ ድምፅህን ስጠኝ ሲለው፣ ልጁ «የጉምሩክ ኅብረቱስ?» ብሎ ይጠይቀው ይሆናል። እጩው ያኔም «በ2016 ተናግረሃል» ሊለው ነው?