አያ ጀግናው በቆሎ ማሳ ውስጥ

ነሐሴ ገባ ብሎ በቆሎው እሸት ሲይዝ በቡሬና በወምበርማ፣ በሜጫና በአቸፈር ማሳ ሁሉ ማማ ይቆማል። ድሮ ማማው ላይ የሚያድረው ወንጭፍ የያዘ ጎረምሳ ነበር። ይጮሃል፣ ቆርቆሮ ይደበድባል፣ እሳት ያነዳል፤ ወንጭፉ ቢስት የሚሰብረው ቢበዛ የጎረቤት እንስራ ነው። ምን ዓይነት ኋላ ቀርነት ነበር! ዛሬ ዕድሜ ለአያ ጀግናው፣ ማሳችን ክላሽ ታጥቆ ያድራል።

«አያ» ያልናቸው አክብረን ነው። ጅብንም አያ ጅቦ እንላለን፤ በሌሊት ከሁለቱ የትኛው እንደሚያስፈራ መንገድ የመሸበት ሰው ይመስክር። ደግሞ የሚሠሩትን «አደን» ብሎ የጠራ ይቀየሙታል። አደንማ ፈቃድ የሚጠይቅ ጣጣ ነው፤ የዱር እንስሳት አዋጅ 541/1999 አለ፣ የጦር መሣሪያ አዋጅ 1177/2012 አለ። የእሳቸው «ጥበቃ» ነው። ከማሳው ወጥቶ ወንዝ ተሻግሮ ጫካ ቢገባም ጥበቃ ነው።

ጥበባቸው የሚጀምረው ከምድጃው አጠገብ ነው። ፈሪ ሰው ማማው ላይ ወጥቶ፣ ተደላድሎ ተቀምጦ፣ አፈሙዙን ወደ ማሳው አዙሮ ካበቃ በኋላ ያቀባብላል። አያ ጀግናው ግን ልጆቹ እራት እየበሉ አቀባብለው፣ ጥይቷን አጉርሰው ይወጣሉ። «ማሳ ላይ ስታቀባብል አውሬው ሰምቶ ይሸሻል» ይላሉ። የክላሹንም ዘንግ መልሰው ወደ መቆለፊያው አያወጡትም፤ ሲወርድ ቋ ይላላ! ዘንጉን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጎ፣ ወደ ውጭ ሳብ እያደረጉ ቢያወርዱት ድምፅ የለውም። ይህን የሚያውቅ ሁሉ ነግሯቸዋል፤ እሳቸው ግን እንዲህ ያለ ማባበል ለሙሽራ እንጂ ለጠመንጃ አይገባም ባይ ናቸው።

አንዳንድ ሌሊት ቆልፈውት ከወጡም ሞቅ ሲላቸው ያወርዱታል፤ ያኔ ነው ትርኢቱ። በክላሽ ቀኝ ጎን ያለው ዘንግ ከላይ ሲሆን ይቆልፋል። አንድ ደረጃ ሲወርድ በተከታታይ ያርከፈክፋል። አንድ በአንድ የሚተኩሰው እስከ ታች ሲወርድ ነው። ሁለት መለኪያ ዳግም አረቄ የቀመሰ ጣት ታች መድረሱን ሳይዳስስ መሐል ላይ ይተወዋል። መሣሪያው በደቂቃ 600 ጥይት ገደማ የሚተፋ ስለሆነ የ30 ጥይቷ ካዝና በ3 ሰከንድ ትራገፋለች። አፈሙዙ ደግሞ ሲያርከፈክፍ ወደ ላይና ወደ ቀኝ ይሸሻል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዋ ለአውሬው፣ የቀሩት በቀኝ በኩል ማማ ላለው ጎረቤት ናቸው። እንዲህ ያለ ቸር ጎረቤት ከየት ይገኛል?

ማማ አወጣጣቸውንም ዓይቶ ያላደነቀ የለም። ጠመንጃው ተቀባብሎ እንደጎረሰ ከታች ለልጃቸው ያቀብሉታል፤ ልጁም ከላይ ሆኖ በአፈሙዙ ጎትቶ ይቀበላቸዋል። ምላጩ የማማውን ርብራብ ነካ ካደረገ ጨዋታው አለቀ። ካዝናውን አውጥቶ፣ ጥይቷን ከበርሜል አስወጥቶ፣ ባዶ እጅ ከወጡ በኋላ ጠመንጃውን አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ በገመድ መሳብ የሚባል ነገር አለ፤ ግን ለዚህ ገመድ ያስፈልጋል፤ ገመዱ ደግሞ በሬው አንገት ላይ ነው።

የባትሪው ነገር ደግሞ የዘመኑ ፈጠራ ነው። አያ ጀግናው ባትሪያቸውን ከበርሜሉ ጋር በፕላስተር ጠፍረው አስረውታል። ብርሃኑ ባለበት አፈሙዙ አለ። መንገድ ሲያዩ መንገዱ ላይ፣ ሰዓት ሲያዩ ክንዳቸው ላይ፣ «እንዴት አመሻችሁ» ሲሉ ሰላምታ የተሰጠው ሰው ደረት ላይ ያነጣጥራሉ። ባትሪ በግንባር ታስሮ፣ ጠመንጃው ተለይቶ ቢያዝ ምን ነበረበት የሚል ሰው አይጠፋም። እሱ ሰው የሌሊት ሰላምታ ክብሩ አልገባውም።

ወደ ዋናው እንምጣ። የሌሊቱ ሕግ «ዓይን ካበራ ተኩስ» ነው። የከብት፣ የአህያ፣ የፍየል፣ የውሻ፣ የጅብ ዓይን ከኋላው ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው ባትሪ ሲያርፍበት ያበራል። የአሳማ ዘር ይህ ሽፋን የለውም። የሰውም የለውም። እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት፤ በቆሎውን የሚያወድመው የዱር አሳማ ዓይኑ አያበራም፤ የሚያበራው ችካሉን ነቅሎ የመጣው የጎረቤት አህያ ነው። አያ ጀግናው ይህን ሲሰሙ ያላበራውንም መተኮስ ጀመሩ፤ እዚያ ምድብ ውስጥ ደግሞ ከአሳማው ጋር ጥቁር በርኖስ ለብሶ ውኃ ሽንት የተቀመጠ ጎረቤት አለ። ያበራውንም ያላበራውንም እኩል የሚተኩስ፣ ከአድልዎ የጸዳ ሰው ማለት እሳቸው ናቸው። ጠዋት «ከርከሮ ነበር» ይላሉ። ከርከሮ ቀን ግጦ ሲመሽ ጉድጓዱ የሚገባ አውሬ ነው፤ ግን ለፉከራ ከአሳማ ከርከሮ ይሻላል።

የሰው ዓይን ከጨለማ ጋር ለመላመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል። አንድ ጊዜ ሲተኩሱ ከአፈሙዙ የሚወጣው ብልጭታ ያን ሁሉ ይወስደዋል። ስለዚህ ሁለተኛዋ ጥይት የምትተኮሰው ሙሉ በሙሉ በእምነት ነው። የበቆሎ አገዳ ጥይት አያቆምም፤ የጭቃ ግድግዳም አያቆምም። የሳተች የክላሽ ጥይት ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች፤ ይህ ማለት ማሳውን፣ መስኩን፣ ቤተ ክርስቲያኑን አልፋ የማታውቀው ሰው ቤት እንግዳ ልትሆን ትችላለች። ከማማ ላይ ሆኖ ቁልቁል የተኮሰ ሰው ጥይቱን መሬት ይቀበልለታል፤ ቆሞ አግድም የተኮሰ ግን ጥይቱን ለአገር መርቆ ነው።

ክላሽ የሌላቸው ደግሞ የአያታቸውን ምንሽር ይዘው ይመጣሉ፤ ጥይቷም ከጠመንጃው ጋር የተወረሰች ናት። ምላጩ ተስቦ ቀጭ ብቻ ሲል፣ ያረጀ ባሩድ ዘግይቶ ሊነሳ ስለሚችል አፈሙዙን ሰው ከሌለበት አቅጣጫ ሳያነሡ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ መጠበቅ ነበረባቸው። እነሱ ግን ወዲያው መዝጊያውን ከፍተው «ምን ሆነች?» ብለው ፊታቸውን ያስጠጋሉ። ጥይቷ ፍስስ ብላ ደከም ያለ ድምፅ ካሰማች ደግሞ እርሳሷ በርሜሉ ውስጥ ቀርታ ይሆናል፤ ሁለተኛ ከኋላዋ ቢተኩሱ በርሜሉ ያብጣል ወይ ይሰነጠቃል። በነሐሴ ማጥ ጠመንጃውን ምርኩዝ አድርጎ የመጣ፣ አፈሙዙ ጭቃ የጎረሰበትም ዕጣው ያው ነው።

ሌሊቱን እንደ ምንም ያለፉ እንደሆነ ቤት ውስጥ «ጠመንጃው ባዶ ነው» የሚባል ነገር አለ። እዚህ ቅደም ተከተሉ ላይ ያላቸው ነጻነት ያስቀናል። መጀመሪያ ካዝናውን አውጥቶ፣ ዘንጉን ከመቆለፊያው አውርዶ፣ ጣትን ከምላጭ አርቆ፣ ማቀባበያውን ስቦ፣ የወጣችውን ጥይት ለቅሞ፣ ጨለማ ነውና በጣት በርሜሉን ዳስሶ ማረጋገጥ ነው የሌላው ሰው ልማድ። አያ ጀግናው ካዝናው እንዳለ ማቀባበያውን ይስባሉ። አንዷ ትወጣለች፣ ሌላዋ በቦታዋ ትጎርሳለች። ከዚያ ካዝናውን ያወጣሉ፣ «ባዶ ነው» ይላሉ፣ ለማረጋገጥም ምላጩን ይስባሉ። ጣራው ቆርቆሮ ከሆነ በማግስቱ ኮከብ ይታይበታል። ጣራው ብቻ ከሆነ።

ሰው ሲመታማ ጀግናው ብቻውን አይደለም፤ መንደሩ በሙሉ ይሳተፋል። አንዱ ቁስሉ ላይ የተፈጨ ቡና ይነሰንሳል፣ አንዱ ቅቤ ያመጣል፣ አንዱ «ማን ነው የተኮሰው?» ብሎ ሽምግልና ይጀምራል፣ አንዱ ደግሞ እርዳታ ለመጥራት ሦስት ጥይት ወደ ሰማይ ይለቃል። ንጹሕ ነጠላ አጣጥፎ በሁለት መዳፍ ሳይለቁ መጫን፣ ከእጅ ወይ ከእግር ደሙ የሚገነፍል ከሆነም ከቁስሉ ከፍ አድርጎ በሰፊ ጨርቅ አጥብቆ ማሰርና የታሰረበትን ሰዓት መያዝ ማንም አይታየው፤ ሰዓቱ ያለው አያ ጀግናው እጅ ላይ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ከተኩሱ በኋላ የት እንደገቡ አልታወቀም።

ሲነጋጋ ጎረምሳው ሁሉ ቃሬዛ ተሸክሞ ወደ ጤና ጣቢያው አቀበቱን ይወጣል። ማማዎቹ ባዶ ናቸው። ውሾቹ ከሰዉ ኋላ ሄደዋል። የመጀመሪያውን ተኩስ ሰምታ ጉድጓዷ የገባችው ጃርት ቀስ ብላ ትወጣለች፤ ከማሳው መሐልም ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይሰማል።